መንገድ የዘጋው ድንጋይና በጎ ፈቃደኞቹ

ያልሰማ ይስማ፣ የሰማም ይድገም፤ አንድ ተራራ ነበር፣ በተራራው ወገብ ላይ አንድ ቀጭን መንገድ፣ በመንገዱም ላይ አንድ የተናደ ድንጋይ።

ከድንጋዩ ወዲህ እትዬ ይታክቱ ቆመዋል። ምራታቸው ጥሩዓለም ምጥ ይዟት ቃሬዛ ላይ ታቃስታለች፤ ጤና ጣቢያው ከድንጋዩ ወዲያ ነው። ደግነቱ ዕለቱ የበጎ ፈቃደኞች የመንገድ ጥገና ቀን ነው። ተራራው በአዲስ ካናቴራና በአዲስ ኮፍያ ደምቋል። የጎደለው ሥራ ብቻ ነው።

እትዬ ይታክቱ ድጅኖውን ተደግፎ ወደቆመው በጎ ፈቃደኛ፣ ወደ ይርዳው ሄዱ።

«ልጄ፣ ድንጋዩን ፈንቅልልኝ፤ ምራቴ ትለፍበት።»

«በደስታ ነበር እትዬ! ግን አንዳርጌ በገመድ ካልጎተተው ድጅኖ ብቻውን ምን ያደርጋል?»

አንዳርጌ ገመዱን ተንተርሶ ጥላ ሥር ተጋድሟል።

«ልጄ አንዳርጌ፣ ተነስ! ድንጋዩ ድጅኖ ይጠብቃል፣ ድጅኖው ገመድ ይጠብቃል፣ ምራቴን ግን ምጡ አይጠብቃትም!»

«አስተባባሪው ሳያዙኝ?» አለ አንዳርጌ። በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ፈቃዱ ግን ያለው በአስተባባሪው ኪስ ውስጥ ነው።

ወደ አስተባባሪው ወደ አቶ ባንቲደር ሄዱ።

«ይዘዙልኝ ጌታዬ! ድንጋዩ ድጅኖ ይጠብቃል፣ ድጅኖው ገመድ ይጠብቃል፣ ገመዱ ትእዛዝ ይጠብቃል፣ ምራቴን ግን ምጡ አይጠብቃትም!»

«እናቴ፣ የክብር እንግዳው ንግግር አድርገው ሳይከፍቱት ዘመቻው አልተጀመረም። ድንጋዩም እስካሁን በይፋ አልታየም።»

የክብር እንግዳው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ለወንበሩ ተሸካሚ አልጠፋም ነበር።

«ይናገሩልኝ ጌታዬ! ድንጋዩ ድጅኖ ይጠብቃል፣ ድጅኖው ገመድ ይጠብቃል፣ ገመዱ ትእዛዝ ይጠብቃል፣ ትእዛዙ ንግግር ይጠብቃል፣ ምራቴን ግን ምጡ አይጠብቃትም!»

እንግዳው አዘኑ፤ ማዘን ይችሉበታል። «ልቤ ተነክቷል። ግን ድምፅ ማጉያው ሳይደርስ በምን ልናገር? በአያ ደምለው በቅሎ ተጭኖ እየመጣ ነው።»

«በቅሎዋስ የት ደረሰች?»

«ከድንጋዩ ወዲያ ቆማለች።»

እትዬ ይታክቱ መቀነታቸውን አጠበቁና ድንጋዩ ላይ በደረታቸው ተስበው ተሻገሩ። ከወዲያ አያ ደምለው በቅሎዋን ይዞ ቆሟል፤ አጠገቡ የእንግዳው ካሜራማን ፀሐይ ይሞቃል።

«አያ ደምለው፣ በቅሎዋን አሳልፋት! ድንጋዩ ድጅኖ ይጠብቃል፣ ድጅኖው ገመድ ይጠብቃል፣ ገመዱ ትእዛዝ ይጠብቃል፣ ትእዛዙ ንግግር ይጠብቃል፣ ንግግሩ ድምፅ ማጉያ ይጠብቃል፣ ድምፅ ማጉያው በቅሎ ይጠብቃል፣ ምራቴን ግን ምጡ አይጠብቃትም!»

«ድንጋዩ መች አሳለፈንና እትዬ?»

ከወዲህ የጥሩዓለም ጩኸት ተሰማ። የእትዬ ይታክቱ እንባ መጣ። እንባ ግን ድንጋይ አይፈነቅልም። ወደ ካሜራማኑ ዞሩ።

«ይሄ ነገርህ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«እንግዲያው ድንጋዩ ላይ ውጣና አብራው። ይህን ሁሉ ሰው ከነካናቴራው፣ ጌታህንም ከነወንበራቸው ቅረጽ፤ አንዲት እናት በመሃላቸው ስትሞት አገር ይይ!»

ካሜራማኑ ወጣ፣ ካሜራው በራ። ካሜራው ሲበራ እንግዳው ከወንበራቸው ዘለሉ፣ እንግዳው ሲዘሉ አስተባባሪው አዘዙ፣ አስተባባሪው ሲያዙ አንዳርጌ ገመዱን አስሮ ጎተተ፣ አንዳርጌ ሲጎትት ይርዳው ድጅኖውን ሰካ፤ ካሜራማኑ ዘሎ ሲወርድ ድንጋዩ ግልብጥ ብሎ ገደል ገባ።

ቃሬዛው አለፈ። ይርዳውና አንዳርጌ ከፊት ተሸከሙ፣ የቀረውም ሰው ተከተለ፤ ጥሩዓለም ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ድምፅ ማጉያው በመጨረሻ ደርሶ ኖሮ፣ እንግዳው ባዶው ተራራ ላይ ቆመው «ይህ ውጤት የተገኘው በእኛ ያላሰለሰ ጥረት ነው!» አሉ። እስከ መጨረሻው ያዳመጠቻቸው በቅሎዋ ብቻ ነበረች፤ እሷም ታስራ ነው።