እጁን ያጣመረው ጠባቂ

ሰምቼሻለሁ፣ ፈትለወርቅ። «ራን» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃል ሰው ሲሮጥም፣ ወንዝ ሲፈስም፣ ሱቅ ሲተዳደርም እየመጣ አስቸገረኝ፤ መዝገበ ቃላቱም ትውልዱን ከሁለት ወገን ያመጣዋል፤ እውነተኛው ትርጉሙ የትኛው ነው? አልሽኝ። በይ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።

አንድ ባለጸጋ ነበረ። ሀብቱ ብዙ፣ ጥርጣሬው የባሰ። በሬው ቢያስል እንኳ «ሰው አይቶብኝ ነው» የሚል ዓይነት ነው።

ይህ ሰው ለአውድማው ጠባቂ ቀጠረ። በሳምንቱ ለቅሶ ቢሄድ ያ ጠባቂ መቃብር ይቆፍራል። በማግስቱ የጎረቤት ጣራ ላይ ወጥቶ ሣር ይከድናል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ የአንዲት መበለት የተሰበረ ክንድ ሲያስር አገኘው። ነገሩ አልጥመው አለ። «አንድ ሰው እንዴት ይህን ሁሉ ይሆናል? በየቤቱ የሚገባው ጎተራ ሊሰልል ነው» አለ በልቡ። አገሩን ቢያጠያይቅ አንዱ «እናቱ ከወንዝ ማዶ ናት» አለው፤ ሌላው «አባቱ ቆለኛ ነው» አለው። ይሄን ጊዜማ ጨርሶ እንቅልፍ አጣ።

ሽማግሌ ሰብስቦ ጠባቂውን አቆመው። «ከዛሬ ጀምሮ አውድማ ትጠብቃለህ፤ እጅህን ሌላ ሥራ ላይ እንዳላይ። ዋስ ጥራ!» ጠባቂው አንድ ጎረቤቱን ዋስ ጠርቶ ማለ።

ባለጸጋው ግን መች አመነ! አንድ ጠዋት «ነዶ መዝዞብኝ እንደሆን ልይ» ብሎ ክምሩ ጫፍ ላይ ወጣ። ነዶው ከዳው፤ ወደቀና ቅልጥሙ ቀጭ አለ።

«ኧረ ድረስልኝ! እግሬን እሰርልኝ!»

ጠባቂው እጁን አጣምሮ ቆመ። «ጌታዬ፣ እኔ አውድማ ጠባቂ ነኝ። ምያለሁ።»

«መሐላውን ትቼልሃለሁ አልኩህ እኮ!»

«ዋሴ ይስማ። ዋሴን አላስበላም።»

ወደ ማዶ ተጣራ። ዋሱ ከእርሻው እስኪደርስ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ የባለጸጋውም እግር አብጦ ቅል አከለ። ባለጸጋው እያለቀሰ በዋሱ ፊት መሐላውን ፈታለት። ጠባቂው ተንበርክኮ እግሩን ሲዳስስ ግን ያ ክፉ ጥርጣሬ ባለጸጋውን አሁንም አልለቀቀውም። «ቆይ፣ ወጌሻነቱን ከየት ተማርኸው? አገርህስ በውነት የት ነው?»

«ጌታዬ፣ እግርዎን ልያዝ ወይስ ትውልዴን ልቁጠር?»

«እግሬን! እግሬን!»

እግሩ ዳነ። ሳይታሰር ስላረፈደ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያነክስ ኖረ።

አንቺም እንደዚያ ሰውዬ ነሽ፣ ፈትለወርቅ። ደብተርሽን አይቻለሁ፤ «መሮጥ» የሚለውን ከብበሽ የቀረውን ሁሉ ሰርዘሽዋል። ቃሉን ዋስ አስጠርተሽዋል እኮ! ትውልዱን መጠየቅሽ ደግ ነው፤ ግን ቀድመሽ በገባበት ቤት ምን እየሠራ እንደሆነ እዪ። አለዚያ ነገ ፈተናው ላይ ወንዝ ሲፈስ ያ ቃል እጁን አጣምሮ ይቆምብሻል፤ ያን ጊዜ የምትጠሪው ዋስ የለም። በይ፣ ላጲስሽን አውጪ።