ሁለት ኮከብ ለሾላ ወደብ

ጆሮ ያለው ይቅረብ። የምነግራችሁ ነገር አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚሄድ ነውና መሐል ላይ የደረሰ ሰው ጫፉን አያገኘውም።

በጣና ዳር፣ ሾላ ወደብ በምትባል ትንሽ መንደር፣ አያ እንዳላማው የሚባሉ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። ክንዳቸው ገና ቀዛፊ ነው፤ ዓይናቸው ግን ፊደል መለየት ትቷል። ባለፈው ሰኔ ድንገተኛ ነፋስ ጀልባቸውን ገልብጧት፣ ባዶ ጀሪካን አቅፈው ነው ከሞት የተረፉት። ከዚያ ወዲህ የአስጋሪዎች ማኅበር ደንብ አወጣ፤ የዕለቱን የነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳያውቅ ሐይቅ የሚገባ የለም።

ማስጠንቀቂያው በስልክ ይመጣል። ማንበብ ለሚችል በጽሑፍ፣ ለማይችል በድምፅ። የትልልቆቹ ወደቦች ስልክ ይናገራል። የሾላ ወደብ ስልክ ግን ጽሑፉን ያሳይና ዝም ይላል። ያነብላቸው የነበረው የጀልባ ባልደረባቸው ከብት ንግድ ገብቶ ሄዷል፤ አያ እንዳላማው ደግሞ በየማለዳው ሰው መለመን አልወደዱም። ጀልባዋ ዘጠኝ ቀን ዳር ላይ ታስራ ሰነበተች። የፈለጉት አንዲት ነገር ብቻ ነበር፤ ስልኩ እንዲናገርላቸው።

በአሥረኛው ቀን በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍረው ባሕር ዳር ገቡ። የስልኩን መተግበሪያ የሚሠሩት ልጆች ያሉበትን ሕንፃ ጠይቀው ሦስት ፎቅ ወጡ።

በሩ አጠገብ ያገኙት ምንይችልን ነው። መተግበሪያውን ወደ አስጋሪዎቹ ስልክ የሚልከው እሱ ነው።

«ልጄ፣ ስልኬ አልናገርም አለኝ። የሚናገረውን ላክልኝ።»

«አልልክም አባባ» አለ ምንይችል ከመቀመጫው ተነሥቶ። «ባንቺአምላክ ሳትመረምረው ከዚህ ቤት የሚወጣ የለም። ያልተመረመረ ልኬ ሰው ውኃ ውስጥ ቢቀርስ?»

«እሱስ ልክ ነው» አሉ። «የት ናት?»

ባንቺአምላክ መስኮቱ ሥር ሰባት ስልክ ደርድራ ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ ስልኩ አልናገርም አለ፤ ምንይችል አልልክም አለ። እባክሽ መርምሪልኝ።»

«አልመረምርም አባባ። የሾላ ወደብ ድምፅ ውስጡ የለም፤ የሌለ ነገር ምኑ ይመረመራል? መጀመሪያ ደሳለው ይሰብስበው።»

ደሳለው የተበታተነውን ሁሉ ሰብስቦ መተግበሪያ አድርጎ የሚያወጣው ኮምፒውተር ኃላፊ ነው።

«ልጄ፣ ስልኩ አልናገርም አለ፤ ምንይችል አልልክም አለ፤ ባንቺአምላክ አልመረምርም አለች። እባክህ ሰብስብልኝ።»

ደሳለው ወንበር ሰጣቸውና ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረው። «አልሰበስብም አልልዎትም ነበር፤ ግን ኮምፒውተሩ የሚያመጣው ይህች መስመር የጠራችውን ብቻ ነው። ይህቺን ኮከብ ያዩዋታል?»

«ነጭ ነገር ይታየኛል።»

«እሷ ናት። "ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ አምጣው" ማለት ናት። ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ማኅደር እንደ ቤት ነው፤ አንድ ኮከብ ሳሎን ያለውን ይጠራል እንጂ ጓዳ አይገባም። የእርስዎ ወደብ ድምፅ ጓዳ ነው ያለው። ሞገስ ወደ ሳሎን ካላወጣው አልሰበስብም።»

ሞገስ ማስጠንቀቂያዎቹን በራሱ ድምፅ የሚቀዳው ነው። ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደና ቆሞ ተቀበላቸው።

«ልጄ፣ ስልኩ አልናገርም አለ፤ ምንይችል አልልክም አለ፤ ባንቺአምላክ አልመረምርም አለች፤ ደሳለው አልሰበስብም አለ። እባክህ ድምፁን ከጓዳ አውጣልኝ።»

«አላወጣም አባባ፤ ቢቆጡኝም አላወጣም። ድሮ ወደቦቹ አራት ትልልቆቹ ብቻ ነበሩ፤ ሁሉንም ሳሎን አስቀመጥኳቸው። ዛሬ ሠላሳ ሁለት ናቸው። አዲስ ለመጣው ለእያንዳንዱ ጓዳ ሠራሁለት። በየጓዳው ያለው ፋይል ስሙ አንድ ነው፤ "ነፋስ አንድ"፣ "ነፋስ ሁለት" እያለ ይሄዳል። ሳሎን ባወጣቸው አንዱ አንዱን ያጠፋዋል፤ የእርስዎን ነፋስ ሌላ ወደብ ይሰማዋል፣ የሌላውን እርስዎ ይሰማሉ። መስመሯን የምትጽፈው ይታይሽ ናት፤ እሷ ሁለት ኮከብ ትጻፍ። ሁለት ኮከብ እስከ ጓዳ ይገባል።»

አያ እንዳላማው በትራቸውን አንሥተው ወደ መጨረሻው ጠረጴዛ ሄዱ። ከኋላቸው አራቱም ልጆች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። መስመሯን የጻፈችው ይታይሽ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሣችም፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«ልጄ፣ ስልኩ አልናገርም አለ፤ ምንይችል አልልክም አለ፤ ባንቺአምላክ አልመረምርም አለች፤ ደሳለው አልሰበስብም አለ፤ ሞገስ አላወጣም አለ። እባክሽ ሁለት ኮከብ ጻፊልኝ።»

«አልጽፍም» አለች ይታይሽ።

ሌላ የሚሄዱበት ጠረጴዛ የለም። አያ እንዳላማው አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እስካሁን ያገኘኋቸው ሁሉ ምክንያት አላቸው። ያንቺስ?»

ይታይሽ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። «አምና ሁለት ኮከብ ጽፌ ነበር አባባ። ያገኘውን ሁሉ ከየጓዳው ጠርቶ አመጣው። ሞገስ ለሙከራ የቀዳው "ማዕበል መጣ፣ ተመለሱ" የሚል ድምፅ ነበር፤ እሱንም አመጣው። በጠራራ ፀሐይ አርባ ጀልባ መረቡን ጥሎ ተመለሰ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ እውነተኛውንም የሚያምን ጠፋ። በእነዚያ ሳምንታት ሰው ሰጥሞ ቢሆን ኖሮ በእኔ ነበር።»

አያ እንዳላማው በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ጀልባቸው የተገለበጠችበትን ቀን እያሰቡ ይሆናል።

«እኛ ጥልቅ ላይ መረብ ስንጥል የነካው ሁሉ አይያዝም» አሉ በመጨረሻ። «የመረቡን ዓይን እንለካለን። ጥቃቅኑ ያልፋል፣ የምንፈልገው ይቀራል። ጥልቁን የፈራ አስጋሪ ዓሣ አያገኝም። አንቺ ጥልቁን አልፈራሽም ነበር፤ የመረቡን ዓይን ነው ያልለካሽው። የእውነተኞቹ ስም በምን ይጀምራል ነው ያለው ያ ልጅ?»

«በ"ነፋስ"።»

«የሙከራዎቹስ?»

«በ"ሙከራ"።» ይታይሽ ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ ሽማግሌውን አየች። «ገባኝ» አለች ቀስ ብላ።

ሁለት ኮከብ ጻፈች፤ ከእነሱ ቀጥላ «ነፋስ» የሚለውን ቃል፤ ከቃሉ ኋላ አንድ ኮከብ። እስከ መጨረሻው ጓዳ ይግባ፣ ነገር ግን ስሙ በ«ነፋስ» የሚጀምረውን ብቻ ያምጣ ማለቷ ነው። ለደሳለው ከመስጠቷ በፊት መስመሯ የምትጠራውን ሁሉ ዘርዝራ አወጣችና አንድ በአንድ አነበበች። ሠላሳ ሁለቱም ወደቦች አሉ። ሾላ ወደብም አለ። ከመካከል አንድ ስም ላይ ጣቷ ቆመ።

«ሞገስ፣ "ነፋስ ሙከራ" የሚል ስም ያወጣኸው አንተ ነህ?»

ሞገስ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ። «ቸኩዬ ነው» አለ፤ እዚያው ባለበት ስሙን «ሙከራ ነፋስ» አድርጎ ገለበጠው። ይታይሽ ዝርዝሩን እንደገና አወጣች። ያ ስም የለም።

«አሁን ውሰደው ደሳለው።»

ይታይሽ ጽፋለችና፣ ሞገስ ከጓዳ ሳያወጣ ተገላገለ። ሞገስ ተገላግሏልና፣ ደሳለው ሰበሰበ። ደሳለው ሰብስቧልና፣ ባንቺአምላክ በሰባቱም ስልክ መረመረች። ባንቺአምላክ መርምራለችና፣ ምንይችል ላከ። ምንይችል ልኳልና፣ በአያ እንዳላማው የደረት ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ተናገረ፦

«ሾላ ወደብ። ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ኃይለኛ ነፋስ ይነሣል። ሐይቅ አትግቡ።»

ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ምንይችል አፍሮ መሬት መሬት ያያል።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ ደክመው ዛሬም አይወጡም ማለት ነው» አለ።

አያ እንዳላማው ስልኩን ወደ ጆሮአቸው አስጠግተው ደግመው ሰሙት፤ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ልጄ፣ እንዲነግረኝ ነው የለመንኩት እንጂ እሺ እንዲለኝ አይደለም» አሉ። የይታይሽን ትከሻ መታ መታ አድርገው ደረጃውን ወረዱ።

ሾላ ወደብ ሲደርሱ ፊደል የማያነቡት ሌሎቹም ስልካቸው ሲናገር ሰምተው ጀልባዎቻቸውን ከውኃው ስበው አውጥተው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሐይቁ ጠቆረ፤ ከዚያ ነፋሱ መጣ፤ በሐይቁ ዳር የበቀለውን ደንገል መሬት ላይ አስተኛው። በውኃው ላይ አንድም የሾላ ወደብ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት ስልኩ «ሐይቁ ሰላም ነው» አለ። አያ እንዳላማው የጀልባዋን ገመድ ፈቱ።