ብርቄና ሦስቱ መካሪዎቿ

ተረት ልጀምር ወይ?

«ጀምሪልን፣ ጆሯችን እዚሁ ነው!»

እንግዲያው ቀረብ በሉ።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ ግን መኪና ያልነበረበት ድሮ አይደለም። መኪናውም፣ አንበሳውም፣ ጎማውም አፍ አውጥተው ከሰው ጋር የሚጨዋወቱበት ድሮ ነው። በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ረምላ የምትባል አዋላጅ ነበረች። ቤቷ ከታች፣ ከሙቀቱ አገር፤ ሥራዋ ከላይ፣ ደንገጎ ተራራ ላይ ካለች ትንሽ ጤና ጣቢያ። ጠዋት ትወጣለች፣ አመሻሽ ላይ ትወርዳለች። የምትወጣውም የምትወርደውም በብርቄ ነው።

ብርቄ ማን ናት? ብርቄ ሰማያዊ፣ ባለ ሁለት በር፣ አፍንጫዋ ሾል ያለ የስፖርት መኪና ናት። ረምላን ሥራ ታደርሳለች፣ የረምላን እናት አዴ ሩቂያን ገበያ ታደርሳለች፣ ሽንኩርትና ሐብሐብ ጭና ትመለሳለች። ኑሮዋ ደህና ነበር። ልቧ ግን ሩጫ ይወድ ነበር። የረምላም ልብ እንደዚያው።

አንድ ጠዋት ብርቄ የደንገጎን ጥምዝምዝ ዳገት እያለከለከች ስትወጣ፣ መንገድ ዳር የቆመች ፍየል ቀና ብላ አየቻት።

«እህት ብርቄ፣ የስፖርት መኪና ነሽ ሲሉሽ እሰማለሁ። እኔ ግን ቅጠል እየቀነጠብኩ ቀደምኩሽ እኮ!»

ብርቄ አፈረች። ኮፈኗ በእንፋሎት ሳይሆን በእፍረት ጋለ። ጤና ጣቢያው እንደደረሱ፣ «ረምላ፣ መፍጠን አማረኝ» አለች።

«እኔንም አምሮኛል» አለች ረምላ። «ግን እንዴት እንደሚፈጠን የሚያውቅ መካሪ ያስፈልገናል።»

ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ ከሜዳው ላይ፣ አቦሸማኔ ተጋድሞ አገኙት።

«አቦሸማኔ ሆይ፣ እንዴት ነው የምትፈጥነው?»

«እኔ ስሮጥ ሆዴ ከሣሩ ጋር ይተሻሻል» አለ አቦሸማኔ። «ዝቅ በይ፣ ጠንከር በይ። ያን ጊዜ ነፋስ ይሸሽሻል።»

ረምላ ብርቄን ወደ ፈይሰል ጋራዥ ነዳቻት። ፈይሰል ሲስቅ ቆርቆሮው የሚንቀጠቀጥ፣ እምቢ ማለት የማያውቅ መካኒክ ነው። «አቦ፣ ይሄማ የእኔ ሥራ ነው!» ብሎ ሞላዋን አወጣ፣ አጭርና ድርቅ ያለ ሞላ ገጠመላት። ብርቄ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

ለስላሳው አስፋልት ላይ በረረች። ደስ አላት! በማግሥቱ ግን አዴ ሩቂያ ገበያ ልትሄድ ተሳፈረች። ፍጥነት መቀነሻው ጋ ሲደርሱ የብርቄ ሆድ ጓ! አለ። ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ጓ! አለ። ድንጋይ ንጣፉ ላይማ አዴ ሩቂያ እንደ ኳስ ነጠረች።

«ያ አላህ! ልጄ፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ ወንፊት? እንደ ጤፍ ነፋሽኝ እኮ!» ወገቧን ይዛ ወረደች፤ መልሱን በባጃጅ ሄደች።

ረምላ ከፋት። ብርቄም ከፋት። ግን ፈጥነው ነበርና፣ «ምናልባት የጎደለ ምክር ይኖራል» ተባባሉ። ወደ አንበሳ ሄዱ።

«አንበሳ ሆይ፣ ሁሉ የሚፈራህ ለምንድን ነው?»

«ከመድረሴ በፊት ድምፄ ስለሚደርስ ነው» አለ አንበሳ። «አፍሽን የሚያፍነውን ነገር ጣዪው። አግሺ!»

ፈይሰል የሞተሩን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታዋን ቆርጦ ከጥግ ወረወረው። ብርቄ ስትነሳ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ላይ ያሉ ወፎች በሙሉ ብድግ አሉ። ዶሮዎች አጥር ዘለሉ። አሮጊቶች «አውሮፕላን ነው!» ብለው ከቤት ወጡ። ፈይሰል በደስታ አጨበጨበ።

ደንገጎ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ስትደርስ ግን ገና የተኙ አራስ ልጆች ሁሉ አንድ ላይ እሪ አሉ። ከእናቶቹ አንዷ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «እህቴ ረምላ፣ አንቺ ነሽ ልጆቻችንን የምታዋልጂ፤ አንቺው ደግሞ በድንጋጤ ልትገድያቸው ነው?» አለቻት። ረምላ አንገቷን ደፋች። ይባስ ብሎ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ዳገቱ ላይ አንድ ክንድ እንኳ አላስቀደማትም።

«ድምፅ እንጂ ጉልበት አልተጨመረልኝም» አለች ብርቄ። «አንድ መካሪ ይቀረናል።»

ገደሉ አፋፍ ላይ ጭልፊት ተቀምጦ አገኙት።

«ጭልፊት ሆይ፣ ሰማዩን የምትሰነጥቀው በምንድን ነው?»

«በቅለቴ ነው» አለ ጭልፊት። «አጥንቴ እንኳ ባዶ ነው። የሚከብድሽን ሁሉ ጣዪው።»

ፈይሰል የኋላ ወንበሯን ነቀለ። ምንጣፏን ገፈፈ። ትርፍ ጎማዋን፣ የውስጥ ማቀዝቀዣዋን፣ የምትለብሰውን ሁሉ አወለቀ። ብርቄ እንደ ባዶ ጣሳ ቀለለች። አሁን እውነትም ፈጠነች፤ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጣችው። ረምላም በላብ ተነክራ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ፣ ጆሮዋ እየጮኸ አብራ ወጣች።

በዚያው ቀን ከገጠር አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ መጣች። ነገሩ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ነበር። ረምላ፣ «አሁኑኑ ታች ሆስፒታል ትድረስ! ብርቄ፣ ተነሺ!» ብላ በሩን ከፈተች።

ከፈተችና ቆመች። ሴትየዋን የት ታስቀምጣት? ወንበር የለም። የት ታስተኛት? ባዶ ቆርቆሮ ነው። በዚያ በሚነጥር ሞላ፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ጩኸት እንዴት ያወርዷታል?

እግዜር ሲረዳ አንድ የጫት መኪና እየከነፈ መጣ። ሾፌሩ ጫቱን ወደ ጎን ገፍቶ፣ ቅጠሉ ላይ ነጠላ አንጥፎ ሴትየዋን ወሰዳት። በሰላም ደረሰች፤ በሰላምም ወለደች። ብርቄ ግን ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ መብራቷን አጥፍታ ቀረች።

«ፈጣን ሆኜ፣ ለሚቸኩል ሰው አልሆንኩም» አለች።

ረምላ እጇን ኮፈኗ ላይ አድርጋ ደባበሰቻት።

በእረፍቷ ቀን ብርቄን ጋራዥ ወሰደቻት። ፈይሰል እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አሁን ደግሞ ማንን እንጠይቅ? ዝሆንን?» አለ።

ከብርቄ ጎማ ጀርባ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ «እኛን ጠይቁ» አለ።

«ማን ነህ አንተ?» አለ ፈይሰል።

«ፍሬን ነኝ። እስካሁን ማንም ስላልጠራኝ ዝም ብዬ ነበር። አቦሸማኔ ስለ አቦሸማኔ ነገራችሁ፣ አንበሳ ስለ አንበሳ፣ ጭልፊትም ስለ ጭልፊት። አልዋሹም። ግን ከሦስቱ አንዱ እንኳ እናት አሳፍሮ ገበያ ሄዶ አያውቅም።»

ሞተር ኮፈኑ ውስጥ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔን ብቻ አጠንክሩኝ፤ ሌላው ይከተላል።»

«አንተ ስትጠነክር ማን ያቆምሃል?» አለው ፍሬን። «ባለፈው ቁልቁለቱ ላይ ጨስኩ እኮ! አላየህም?»

«እኔንስ ድንጋይ አደረጋችሁኝ» አለ ሞላ። «ሞላ ካልታጠፈ ምኑን ሞላ ሆነ?»

ማርሚታ ከጥግ፣ ከብረት ክምር ውስጥ ጮኸ። «እኔ ጉሮሮ ነኝ! ጉሮሮ ቢጠብ ያሰፉታል እንጂ ማን ቆርጦ ይጥለዋል?»

የኋላ ወንበር አቧራ እያራገፈ፣ «እኔ ላይ ዶሮ አደረብኝ» ብሎ አለቀሰ።

ሁሉም አንድ ላይ ተንጫጩ። ረምላ ሳቀች፣ ከዚያ ግን ሳቋን አቆመችና ዞር አለች።

«ብርቄ፣ አንቺስ? አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ብርቄ አሰበች። «መፍጠን አሁንም እፈልጋለሁ። አልዋሽም፣ ጥምዝምዙ ላይ ነፋሱ ሲያፏጭ ልቤ ይሞላል። ግን አዴ ሩቂያ እኔ ውስጥ ተቀምጣ ስታንቀላፋ ደስ ይለኝ ነበር። አንዱን ለአንዱ መስጠት አልፈልግም።»

«አቦ፣ ሁለቱንም ማለት ግማሽ ግማሽ ማለት ነው!» አለ ፈይሰል። «ሰዉ ምን ይለኛል? ፈይሰል ሥራ ፈራ አይለኝም?»

«ግማሽ ግማሽ አይደለም» አለ ፍሬን። «ለሁላችንም በየልካችን ማለት ነው።»

ሥራው ተጀመረ። ለሞተር ንጹሕ አየር የሚስብበት ሰፊ መንገድና ትልቅ ራዲያተር ሰጡት፤ ጉልበት ጨመረ፣ ግን አልተቃጠለም። ለማርሚታ ጉሮሮውን አሰፉለትና ወደ ቦታው መለሱት፤ ማጉረምረም ቻለ፣ መጮኽ ግን ተወ። ሞላን ከድሮው ጥቂት ጣት ብቻ ዝቅ አደረጉት፤ ጠንካራ ሆነ፣ ድንጋይ ግን አልሆነም። ለፍሬን ትልቅ ዲስክ፣ ለእግሯ መሬት የሚጨብጥ ጎማ። ወንበሩም፣ ምንጣፉም፣ ማቀዝቀዣውም ተመለሱ።

ሲያልቅ ፈይሰል፣ «እስቲ ልሞክራት» ብሎ ወጣ። ሄዶ ቀረ። ረምላ ጠበቀችው፣ ጠበቀችው። ከሰዓት በኋላ እየሳቀ ተመለሰ።

«የት ጠፋህ አንተ?»

«አክስቴን ሐረር አደረስኳት። ስትወርድ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ፈይሰሌ፣ ዛሬስ ቀስ ብለህ ነዳህልኝ፣ ተባረክ› አለችኝ። ወላሂ፣ መንገዱ ላይ ያልቀደምኩት መኪና የለም!»

ብርቄ እንደዚያ ቀን ምስጋና ጣፍጧት አያውቅም።

ከዚያ ክረምት ገባ። ደንገጎ ጉም ለበሰች። አንድ ቀን ቀትር ላይ አልዪ የሚባል ገበሬ ሚስቱን ኡርጂን ደግፎ ጤና ጣቢያው ደረሰ። ኡርጂ ምጥ ከያዛት ቆይቷል፤ ልጁ ተጣሞ መጥቷል። ረምላ መረመረቻትና ፊቷ ተለወጠ።

«ብርቄ!»

«ዝግጁ ነኝ» አለች ብርቄ።

ኡርጂን የኋላ ወንበር ላይ በጎኗ አስተኟት፤ ራሷ ባሏ ጭን ላይ። ቁልቁለቱ ተጀመረ። ጥምዝምዙ ሲመጣ ብርቄ መሬቱን በጎማዋ ቆንጠጥ እያደረገች ታጠፈች። ቀጥታው ሲመጣ ሞተር ደረቱን ነፋ። ኡርጂ ታቃስታለች እንጂ አትነጥርም።

አንዱን ጥምዝምዝ እንደዞሩ ከጉሙ ውስጥ ናዳ ብቅ አለ። ዝናቡ አፈርና ድንጋይ አውርዶ መንገዱን ዘግቶታል፤ በጠባቧ ዳር ብቻ መተላለፊያ ቀርቷል።

«ፍሬን!» አለች ብርቄ።

«ያዝኩ!» አለ ፍሬን። ሳያንሸራትት፣ ሳያናውጥ፣ ድንጋዩ ፊት ጸጥ አድርጎ አቆማት።

«ሞላ!»

«አለሁ፣ ቀስ በይ ብቻ።» ጠጠሩን እየረገጠች፣ ሆዷን ሳታስነካ፣ ብርቄ እንደ ድመት ዳር ዳሩን አለፈችው።

«ሞተር!»

«ልቀቂኝማ!» አለ ሞተር፣ ለቀቀችውም።

ከተማ ገቡ፣ ፍጥነት መቀነሻውን አለፉ፣ ሆስፒታሉ ግቢ ቆሙ። ኡርጂ ዓይኗን ገለጠች።

«ምነው ቆምን? ገና አልተነሳንም እንዴ?»

«ደርሰናል፣ እህቴ» አለቻት ረምላ። እስከዚያች ደቂቃ ያላወቀችው እንባ ጉንጯ ላይ ወረደ።

ኡርጂ ሴት ልጅ ወለደች፤ እናትም ልጅም ደህና ሆኑ። አልዪ ደጅ ወጥቶ የሚያደርገውን ቢያጣ የብርቄን አፍንጫ ሳመው፤ ገና ትኩስ ነበርና ከንፈሩን ያዘ። ብርቄ ሳቀች፣ እሱም ሳቀ።

ኡርጂ ድና ወደ ቤቷ የምትመለስበት ቀን ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ልጇን ታቅፋ ብርቄ ውስጥ ተቀመጠችና ረምላን ጠራቻት።

«ረምላ፣ ያን ቀን እንዴት እንደፈጠንን ሕመም አላሳየኝም። ዛሬ ደህና ነኝ። እስቲ አሳዪኝ!»

ረምላ ወደ ብርቄ አየች። ብርቄ አጉረመረመች። ከዚያ ዳገቱን ተያያዙት፤ ጥምዝምዙን አንድ በአንድ እየጠቀለሉ፣ ነፋሱ በመስኮት እያፏጨ፣ ኡርጂ «በይ! በይ!» እያለች እየሳቀች፣ ረምላም መሪውን ይዛ እየሳቀች። ተራራው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ጎንበስ ብለው ሕፃኗን አዩ።

አልነቃችም።

የሩጫ ልኩ የተሳፋሪው ሰላም ነው፤ አድርሶ የማያሳርፍ ፈጣን፣ ገና አልደረሰም።

ተረቴ እዚህ ወረደች፤ ቦታውን ለቃላችኋለችና እናንተ ተሳፈሩ።