የሚያበራው ቀለበት

አንድ ደምለው የሚባል አሻጋሪ ነበር። ጀልባው ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ሰንሰለት ላይ በብረት ቀለበት ተይዛ ትመላለሳለች። ወንዙ ከላይ ፍል ውሃ ስለሚቀላቀለው ጨው ጨው ይላል።

ደምለው በቀለበቱ ይኮራ ነበር። ሌላው ብረት ሁሉ ሲጠቁር፣ ሰንሰለቱን የሚፈትገው የቀለበቱ ወገን ዘወትር እንደ አዲስ ያበራል። «የሚያበራ ብረት ጤነኛ ነው» ይላል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሚስቱን አንጓችን አምና ስላጠፋቻት በቅሎ ሳይነዘንዛት አይውልም። ከዚያ እስኪመሽ ሁለቱም ተኮራርፈው ይውላሉ።

አንድ የገበያ ቀን፣ መንገደኛ እስኪሰበሰብ ጀልባው ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። በሕልሙ ቀለበቱ አዳራሽ አክሎ፣ ውስጡ አንድ ሽማግሌና ልብሷ የሚንጠባጠብ ሴት ቀስ ብለው ሲጫወቱ ሰማ።

«እኔ ፍትጊያ ነኝ» አለ ሽማግሌው። «የብረቱን ስስ ቆዳ እገፍፈዋለሁ። ብቻዬን ግን እሱን ለመጨረስ ዕድሜዬም አይበቃኝ።»

«እኔ የጨው ውሃ ነኝ» አለች ሴቲቱ። «ቆዳው ካለ ስልሰው ብውል ምንም አላደርገው። አንተ ስትገፍፍልኝ ነው ራቁቱን የምነክሰው። ከእኔ የተረፈውን የዝገት ፍርፋሪ ደግሞ ጥርስ አድርገህ መልሰህ ትፍቅበታለህ።»

«ባለቤቱ ግን ሲያበራ እያየ ደስ ይለዋል» አለ ሽማግሌው፤ ሁለቱም ሳቁ።

ደምለው ባንኖ ተነሳ። ቀለበቱን ቢዳስሰው የሚያበራው ወገን እንደ ሰንደዶ ቀጥኗል። አንጓች መንገደኞቹን አስከትላ ልትሳፈር ደርሳለች።

«አንጓች፣ ተይ! ቀለበቱ ሊበጠስ ነው!»

«ደሞ ዛሬ በምን ልትጀምረኝ ነው?» ብላ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው ጀልባዋ ላይ እግሯን አሳረፈች። በየጠዋቱ ሲጮህባት ስለኖረ፣ የእውነት ጩኸቱን መለየት አልቻለችም። ደምለው ክንዷን አፈፍ አድርጎ ይዟት ወደ ዳር ዘለለ። ቀለበቱ ቀጭ ብሎ ተበጠሰ፤ ጀልባዋ ባዶዋን በውሃው ተወሰደች።

አንጓች ክንዷን አየች፤ አሁንም በእጁ ነው።

«ስለ በቅሎዋ ምንም አትለኝም?»

«ትቼዋለሁ» አለ፤ እንባው መጣ። «ቁስሉ ቆዳ ያውጣ።»

ብረቱን የጨረሰው ፍትጊያ ብቻ ወይም ጨው ብቻ አይደለም፤ ተፈራርቀው ነው። ቤትንም ንዝንዝ ይልጠዋል፣ ኩርፊያ ይበላዋል። እናንተስ፣ ሊጠግግ ሲል በየጠዋቱ የምትፍቁት ምንድን ነው?