ይማርህ የተከለከለበት አገር

አንድ ጊዜ ቧንቧ ወረፋ ላይ ጎረቤቴን አስነጠሳት። ተኳርፈን ነበርና «ይማርሽ» አላልኳትም። ቀና ብላ አየችኝ፤ ጀሪካኔን አንስቼ ሄድኩ። በሳምንቱ ሰፈሩን ለቀቀች። ከዚያ ወዲህ ይህን ተረት ለልጆች ሳወራ አፌ ይከብደኛል።

ጆሮአችሁን ወዲህ በሉ፤ ተረቴ ቢቆይም አልሻገተም።

ድሮ አንድ ንጉሥ ነበር። እስረኛው ሁሉ «ማሩኝ» ሲለው ጊዜ ምሕረትን የራሱ ርስት አደረጋት። ከእሱ በቀር የምሕረትን ቃል ከአፉ የሚያወጣ ሁሉ ምላሱ እንዲቆረጥ ነጋሪት አስጎሰመ። አገሩ አፉን ዘጋ። በሽተኛ ጠይቆ «እግዜር ይማርህ» የሚል ጠፋ።

በዚያ አገር በርበሬ ቀጥቅጣ የምታድር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አንድ ቀን የበርበሬው ብናኝ ጎረቤቷን፣ ሽማግሌውን አባ ጎሹን አስነጠሳቸው።

«ይማርዎት፣ አባ» አለች።

የንጉሡ ወታደር ከአጥር ውጭ ሆኖ ሰማ። ከነሥራ ልብሷ ጎትቶ ችሎት አቆማት።

ንጉሡ ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ መቆሟን አይቶ እንድታደገድግ አዘዛት። አንጓች በርበሬ የጠገበ ነጠላዋን አወረደች፣ አራገፈች፣ ወገቧ ላይ አሰረች። ንጉሡን አስነጠሰው። ችሎቱ ዝም።

ላልቷል፣ እንደገና እሰሪ አላት። ፈታች፣ አራገፈች፣ አሰረች። አስነጠሰው። መኳንንቱ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

«አሁንም ላልቷል። አጥብቂና ‹ማሩኝ› በይ» አላት።

«ቃሉ የእርስዎ ነው፣ ጃንሆይ። የሰው ርስት አልረግጥም» አለች። ፈታች፣ አራገፈች፣ አሰረች።

ንጉሡን እንባው እስኪወርድ አስነጠሰው። ሦስት ጊዜ አስነጥሶት ይማርህ ባይ ያጣበት ቀን አልነበረምና ሞቱ የቀረበ መሰለው።

«ምነው? ይማርዎት የሚለኝ ጠፋ?»

«ማን ይማርዎት እንበል?» አለች አንጓች። «የሚምረው እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎን ማን ይማር?»

ንጉሡ መኳንንቱን አየ። ምላስ ሊቆርጥ ቢላ የያዘው እንኳ አቀረቀረ። ዘውዱን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ማሪኝ» አላት።

«መጀመሪያ አዋጁ ይነሣ።»

ነጋሪቱ ተጎሰመ፣ አዋጁ ተነሣ። ያን ጊዜ «ይማርዎት» አለችው። እሱም እንደ ማንም ሰው «ያኑርሽ» አላት።

ምሕረት የነፈገ ለሰው፣ ይማርህ ባይ ያጣል ሲያስነጥሰው።

ንጉሡስ «ማሪኝ» የሚላት አጠገቡ ነበረች። የእኔዋን ጎረቤት ግን ፈልጌ አጣኋት። ተረቴን ውሰዱና፣ በእሷ ፈንታ እናንተ ይቅር በሉኝ።