የግራዝማች ድልነሳ ሦስት ጎተራዎች

ልጆች፣ ተረት ይዤ መጥቻለሁ። ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ እንቅልፍ የያዘው ለወንድሙ ቦታ ይልቀቅ።

በድሮ ዘመን በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በነሐሴ ወር ወንዙ ሞላ፤ የመንደሩን የአፈር ግድብ ዘልሎ ወጣ። ጎጆውን ወሰደ፤ እህሉን ወሰደ፤ የየማሳውን የወሰን ድንጋይ ሳይቀር ወሰደ። ውሃው ሲጎድል አንጓች ወደ ማሳዋ ወረደች። ከባሏ ጋር የተከለችው ወሰን የለም። በምትኩ እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ ጥቁር ደለል ተኝቷል። ዘር ላገኘ ሰው ሲሳይ ነበር፤ ዘር ግን የለም።

ከመንደሩ በላይ ኮረብታ ላይ የሚኖረው፣ ሦስት ጎተራ ሙሉ እህል ያለው ግራዝማች ድልነሳ ደለሉን አየና ሽማግሌዎቹ ወደተቀመጡበት ዋርካ ወረደ።

“ከዋርካው እስከ ወንዙ የእኔ ርስት ነው” አለ። “አይደለም የሚል ወሰኑን ያሳየኝ።”

የሚያሳይ ጠፋ። አንጓች በገዛ ማሳዋ ጭሰኛ ስትሆን ታያት። ተነሥታ ቆመች።

“አባቶቼ፣ መሬቱ የግራዝማች ነው።”

“ጎርፉ ልቧንም ወስዶታል” አለ አንዱ።

“ደንባችን ግን አይለወጥ” አለች አንጓች። “ ባለመሬት ደቦውን ያበላል። ባለመሬት ዘሩን ያወጣል። ውሃ ሲመጣም ባለመሬት ከሁሉ ቀድሞ ግድቡ ላይ ይቆማል።”

“ደንቡ ይኸው ነው” አሉ ሽማግሌዎቹ።

ድልነሳ ደለሉን ዳግመኛ አየ። በሐሳቡ አሥር ጎተራ ሞላ። “ይሁን፤ አፈሩ የእኔ ነው” አለ።

ደቦው ወጣ። ግንዱንና ድንጋዩን ጠረገ፤ ከነልጆቹ በላ። አንደኛው ጎተራ ተራቆተ። “ይሁን፤ አፈሩ የእኔ ነው።”

ደቦው ወጣ። ግድቡን አጠበቀ፤ ጎጆዎቹን መልሶ አቆመ፤ በላ። ሁለተኛው ጎተራ ተራቆተ። “ይሁን፤ አፈሩ የእኔ ነው።”

ደቦው ወጣ። አረሰ፤ ሽምብራ ዘራ፤ በላ። ሦስተኛውም ጎተራ ተራቆተ። ድልነሳ አሁንም አፈሩን አይቶ ፈገግ አለ።

ሽምብራው በበቀለ ሳምንት በወንዙ ራስ ሰማዩ ጠቆረ። ውሃው እያጓራ ከግድቡ ወገብ ደረሰ። አንጓች ሽማግሌዎቹን አስከትላ ኮረብታውን ወጣች።

“ግራዝማች፣ ውሃ መጥቷል። ባለመሬት ይቅደም።”

“ምን አገባኝ?”

“መሬቱ የእርስዎ አይደለም?”

ወንዙ ከታች አገሣ። ድልነሳ በሩን ያዘ። “የእኔ አይደለም።”

“ይማሉ” አሉ ሽማግሌዎቹ።

“ከዋርካው እስከ ወንዙ አንድ ስንዝር የለኝም” ብሎ ሦስት ጊዜ ማለ።

አንጓች ሮጣ ወርዳ ከሁሉ ቀድማ ግድቡ ላይ ቆመች። መንደሩ ተከተላት፤ ቅርንጫፍና አፈር እየተቀባበለ ቆመ። ውሃው አንዴ መታ፤ ሁለቴ መታ፤ በሦስተኛው ተመልሶ መውረጃው ውስጥ ገባ።

ሽምብራው በተወቃ ጊዜ ድልነሳ ባዶ ስልቻ ይዞ መጣ። “እህሌን መልሱ።”

“በደቦ የተበላ እህል አይመለስም” አሉ ከሽማግሌዎቹ ታላቁ። “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።”

አንጓች ግን አንድ ቁና ሽምብራ ሰፍራ ስልቻው ውስጥ ጨመረችለት።

“ዘር ነው፤ ኮረብታዎ ላይ ይዝሩት። ደቦ ካስፈለገዎም ይጥሩን፤ ማብላቱን ለምደውታል።”

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር “ከጎርፉ የሸሸ በመከሩ አይሻማ” ይባላል።

ተረቴ አለቀ፤ አፌ ደርቋልና እፍኝ የሽምብራ ቆሎ አቀብሉኝ።