ጋሻና ጦሩን ያሰረው ጠፍር

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ ወደ በረቱ እንዳትሮጡ። የዛሬው ተረት በረቱ ውስጥ አይደለም፤ ላሚቱ ሆድ ውስጥ ነው። እኔ ስሰማው ደርቄ ነው የቀረሁት፤ እናንተም ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ።

ድሮ፣ ካፕሱል አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ አያ ይመር ሻሼ የምትባል ላም ነበረችው። በሻሼ ሆድ ውስጥ ደግሞ ጨዋነሽ የምትባል፣ ዓይን የማያያት ደቃቃ ጀርም ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ጀርም ስላልኳችሁ ፊታችሁን አታጨማድዱ! ጨዋነሽ ማንንም አትነካም። ሻሼ ሣር ትውጣለች፤ ጨዋነሽና ልጆቿ ሣሩን ያብላላሉ፤ እነሱም ይጠግባሉ፣ ሻሼም ትወፍራለች። እንዲህ ተዋድደው ይኖሩ ነበር።

አንድ ቀን ሻሼ ከኩሬ ስትጠጣ አንድ እንግዳ ጀርም ከውሃው ጋር አብሮ ገባ። አባ ጠፍር ይባላል። ጋሻና ጦር በአንድ ጠፍር ጠፍንጎ በጀርባው ተሸክሟል። ሸክሙ ከብዶት ያለከልካል፤ ሌላው በልቶ ሲጠግብ እሱ ገና ይደርሳል።

«አባ ጠፍር፣ እዚህ እኮ ሰላም ነው። ይህ ሁሉ ትጥቅ ምን ያደርግልሃል?» አለችው ጨዋነሽ እየሳቀች።

«ቀን አይታወቅም፣ እመቤቴ» አላት።

ቀኑም መጣ። ሻሼ እርጥብ ሣር በልታ ሆዷ ቢነፋ፣ አያ ይመር ጎረቤቱ እትዬ ሰዓዳ ዘንድ ሮጠ።

«እትዬ ሰዓዳ፣ ያኔ ሲያምሽ ጤና ጣቢያ የሰጡሽ ካፕሱል ተርፎሻል?»

«ሲሻለኝ ተውኩት፤ እንካ ውሰድ። እኔን ያዳነ ላም ማዳን ያቅተዋል?»

«አያ ይመር፣ ነፍቶኝ ነው፤ ነገ ይለቀኛል!» ብትል ሻሼ፣ ማን ሰምቷት! አፏን ፈልቅቆ ሁለት ካፕሱል ከተተባት።

ካፕሱሉ ሆዷ ሲደርስ ቀይና ቢጫ ልብሱን አወለቀና «ጠላት የታለ?» አለ።

«እዚህ ጠላት የለም፤ ቤተሰብ ነን» አለችው ጨዋነሽ።

«እኔ የተላክሁት ለመምታት ነው» ብሎ ያገኘውን ሁሉ መታ። እግዚኦ! ከጨዋነሽ ልጆች ግማሾቹ አለቁ። አባ ጠፍር ግን ከጋሻው ጀርባ ቆሞ ጭረት እንኳ አልነካውም።

«ጋሻህን ስጠኝ» አለችው እያለቀሰች።

«እሰጣለሁ። ብሰጥም አይጎድልብኝም፤ የኔው እኔው ጋ ይቀራል። ግን ከነጦሩ ነው።»

«ጦሩ ይቅርብኝ!»

«ጠፍሩ አንድ ነው፤ አይፈታም።»

«እንግዲያው ጋሻውም ይቅር» ብላ ተመለሰች።

ሁለተኛ፣ ጥጃዋ ከሌላ በረት ብትታሰርባት ሻሼ ሣር አልበላም አለች። «አያ ይመር፣ ልጄ ናፍቃኝ ነው!» ብትለው፣ ማን ሰምቷት! ካፕሱሉ ወረደ። «ጠላት የታለ?» «የለም!» መታ። በዚህኛው ከጨዋነሽ ልጆች አንዲት ብቻ ቀረች፤ ስሟንም ትርፌ አለቻት። ጨዋነሽ አባ ጠፍር ዘንድ ሄዳ ጋሻውን ከጦሩ ለመለየት ያን ጠፍር ብትነክሰው፣ ብትጎትተው እሺ አላለም። አሁንም ባዶ እጇን ተመለሰች።

ሦስተኛ፣ ሻሼ አቧራ ገብቶባት አስነጠሰች። ማስነጠስ እኮ ነው፣ ሰዎች! አያ ይመር ግን «እትዬ ሰዓዳ!» እያለ ሲሮጥ ተሰማ።

ጨዋነሽም «ልጄ ከምትሞትብኝ ያሻው ይምጣ» ብላ ከአባ ጠፍር ጋሻውን ከነጦሩ ተቀብላ ትርፌ ጀርባ ላይ አሰረችው። ካፕሱሉ መጣ፣ መታ፣ መታ። እናትና ልጅ ከጋሻው ጀርባ ተጠልለው ተረፉ። ጨዋነሽ ደስ አላት። ምን ታድርግ፣ እናት ናት።

ጋሻ የሌላቸው ጎረቤቶች ሁሉ አልቀው ሆዱ ባዶ ሆኗል። ትርፌ ወለደች፤ ልጆቿም ወለዱ፤ ሁሉም ጋሻና ጦራቸውን እንደታጠቁ ተወለዱ። ቤቱ ሞላ። ጦር የያዘ እጅ ደግሞ አያርፍም። አንድ ጠዋት ትርፌ ጦሯን መዝዛ የሻሼን አንጀት ወጋች።

ጨዋነሽ ዓይኗን ማመን አቃታት። «ኧረ ትርፌ! ቤታችንን? ያሳደገችንን?»

«እማዬ፣ ያስታጠቅሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለችና ደግማ ወጋች።

ሻሼን ደም ያስቀምጣት ጀመር። አሁን የእውነት ታመመች። «አያ ይመር፣ ድረስልኝ!» ስትል በሩጫ ካፕሱሉን አመጣላት።

«ጠላት የታለ?» አለ ካፕሱሉ እንደ ልማዱ።

ጨዋነሽ ያን ጊዜ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ይኸውልህ! ልጄ ናት! ምታት!» ብላ ጮኸች።

መታ። ጋሻው ቋ! አለ። ደገመ፤ ቋ! ሠለሰ፤ ቋ! ትርፌ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።

«አልቻልኳትም» አለ ካፕሱሉ እየደከመ። «ማንስ አጠነከራት? ሦስቴ መጥቼ ጋሻ የሌለውን ጨርሼ፣ ቤቱን ለባለ ጦር ያስረከብኩ እኔው ነኝ።»

ጨዋነሽ ወደ ልጇ ጋሻ አልተመለሰችም። ባዶዋን ቆመች። ያን ለት ካፕሱሉ የገደለው እሷን ብቻ ነው። ወይ ፍርድ!

ሻሼም ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ወደቀች። አያ ይመር ራሱን ይዞ፣ «ይህ መድኃኒት ሦስቴ አድኗት የለም እንዴ? ዛሬ ምን ነካው?» እያለ ይጮኻል።

ሻሼ ትንፋሿ ሊወጣ ሲል ቀና አለችና፣ «አያ ይመር፣ ሦስቴ የሰጠኸኝ እኮ ሳልታመም ነው» አለችው።

ያለ ጠላት የዘመተ፣ ጠላቱን አስታጥቆ ተመለሰ ይሏል ይህ ነው። እንግዲህ ተረቴን መልሱ፣ የጎረቤት ካፕሱል ግን አትዋሱ።